ሞቶ መነሣት በገላፊ ወረፋ

ወደ ጅቡቲ የሚያልፍ ከባድ መኪና ገላፊ ኬላ ላይ ወረፋ ከያዘ፣ ለሾፌሩና ለረዳቱ የሚተርፋቸው ሙቀትና ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በስልክ ጌም ቢያሳልፉት ነውር አለው? ጌሙ «ዴድ ሴልስ» ከሆነ ጥያቄው ይከብዳል። ሞሽን ትዊን የተባለው የፈረንሳይ ስቱዲዮ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ጨለማ የበዛበት ጌም፣ ራስ የሌለው እስረኛ እየሞተ ደጋግሞ የሚነሣበት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሰው የሚሞተው አንዴ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ «ይህማ በሞት መቀለድ ነው» ቢል አይፈረድበትም። በቁርኣን 23ኛው ምዕራፍ ሟች መልካም ልሥራ፣ መልሱኝ ብሎ ይለምናል፤ አይፈቀድለትም። ጌሙ ይፈቅዳል።

የጨዋታውን ሕግ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተጫዋቹ ሲሞት በእጁ ያለው ሰይፍም ከጠላቶቹ ሰብስቦ ያልከፈለው «ሴል» የተባለ ሀብትም ይጠፋል፤ የሚተርፈው በየደረጃው መሀል «ሰብሳቢው» ለተባለው የጌሙ ገጸ ባሕርይ አስቀድሞ ያስረከበው ነው። ይህ ከሰደቃም ሆነ ከምጽዋት ትምህርት ብዙ አይርቅም። ሴሉ የሚሰጠው ለራስ ጥቅም እንጂ ለድሃ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ጌሙ ቸርነትን አያስተምርም። የእኔ ክርክር ከዚህ ያነሰ ነው፦ ሞትን ያለ ኪሳራ አያሳይም። ከባዱ ተቃውሞ መመለሱ ራሱ ነው፤ «ግድ የለም፣ እንደገና» ማለት ልማድ ይሆናል ይባላል። በጅቡቲ መንገድ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና እንደገና እንደማይጀምር ግን ከሾፌር በላይ የሚያውቅ የለም። ሶላት ለሚያሳልፍ ወይም መሪ ጨብጦ ለሚጫወት ግን መከራከሪያ የለኝም።