ባነሳው ኖሮ

የእህቴ ልጅ ቡራዩ ነው የሚኖረው። ቤት ተከራይቶ ሥራውን ይሠራል፤ ከሥራ የተረፈውን ሰዓት ደግሞ ለተከታታይ ፊልም ሰጥቷል። ባለፈው እሑድ ልጠይቀው ብሄድ ሻይ እንኳ ሳያቀርብ ላፕቶፑን ፊቴ ደቀነው።

«ጋሼ፣ አንተ ሥነ ጽሑፍ ስታስተምር የኖርክ ሰው ነህ። እስቲ ይሄን እይና ፍረድ!»

ፊልሙ «ዶክተር ሁ» ይባላል። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ በተመሠረተበት ዓመት የጀመረው ነው። ዋናው ሰውዬ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው የሚጓዝበት ማሽን አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋርጦ በ2005 እንደገና ሲጀመር ከቀረቡት ክፍሎች አንዱ «የአባት ቀን» ይሰኛል። የእህቴን ልጅ ያንገበገበው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮዝ የምትባል ወጣት አለች። አባቷ ፒት እ.ኤ.አ. በ1987፣ እሷ ገና የታቀፈች ሕፃን ሳለች፣ መኪና ገጭቶት ሞቷል። ሲሞት አጠገቡ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ሮዝ ዶክተሩን የምትለምነው «አድነው» ብላ አይደለም፤ «ሲሞት አጠገቡ ልሁን» ብላ ነው። ይወስዳታል። ስትደርስ ግን እግሯ ይተሳሰራል፣ መጠጋት ያቅታታል። አንዴ ድገመኝ ትላለች። በሁለተኛው ሮጣ አባቷን ከመኪናው ፊት ገፍትራ ታድነዋለች።

ይሄኔ ጊዜ ራሱ ይቆስላል። አስፈሪ ፍጥረታት ከሰማይ እየወረዱ ሰው ይበላሉ፤ ለሰርግ የመጣው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሸሸጋል። ፒትን ልትገጭ የነበረችው መኪና ውጭ መንገዱ ላይ ብቅ እልም ትላለች። በመጨረሻ አባትየው ነገሩ ይገባዋል። ማንም ሳያዘው በገዛ እግሩ ወጥቶ መኪናዋ ፊት ይቆማል። ሮዝ ሮጣ ትደርስና እጁን ትይዘዋለች። እጁን እንደያዘችው ይሞታል።

«ይሄ ፍርድ ነው እንግዲህ?» አለ የእህቴ ልጅ። «አባቷን ያዳነች ልጅ ምን አጠፋች? አንድ ተራ ሰው ስላልሞተ ዓለም የሚፈርሰው በምን ሕግ ነው? ደራሲው ጨካኝ ነው!»

እኔም የለመደብኝን ስለ ትራጀዲ አወራሁ፤ እያንዳንዱ ተረት የራሱ ሕግ አለው አልኩ። ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የክፍል ውስጥ መልስ ነው» አለኝ። አፈርኩ። ምክንያቱም ስለማን እንደሚያወራ የገባኝ ያኔ ነው።

አባቱ የሞተው አምና ነው፣ ሰበታ። ማታ ሁለት ጊዜ ደውሎለት ነበር። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ እያየ ነበር፤ ስልኩን አየው፣ «ነገ እደውልለታለሁ» ብሎ ገልብጦ አስቀመጠው። ሌሊት የመጣው ሦስተኛው ስልክ የእናቱ ነበር። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ከአፉ የሰማሁት አንዲት ነገር ናት፦ «ባነሳው ኖሮ!»

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አማቼ መታመሙን ከሰማሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። «በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ» ስል ነው ሳምንታቱ እኔን ጥለውኝ የሄዱት።

መቼም የድሮ መምህር ነኝና ቃሏ ላይ ትንሽ ልቁም። «ባነሳው ኖሮ» ስንል «ኖሮ»ን ከየት አመጣናት? «ኖረ» ከሚለው ግስ ናት። ይገርማል! ያልሆነውን ነገር፣ ከቶም ያልኖረውን፣ የምንናገረው በመኖር ቃል ነው። ያልተነሳው ስልክ ተነስቶ፣ ያልተጠየቀው በሽተኛ ተጠይቆ፣ ሁሉም እዚያ «ኖሮ» ውስጥ ይኖራሉ። እንግሊዞቹ ለጊዜ ጉዞ ማሽን ሠሩ፤ እኛ በሁለት ፊደል እንሳፈራለን። ችግሩ መሳፈሩ ላይ አይደለም፤ ወራጅ ማለቱን ስንረሳ ነው።

የእኛም መጻሕፍት ጊዜን የተሻገሩ ሰዎች አሏቸው። አቤሜሌክን አስታውሱት። በለሱን በሙዳይ ይዞ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለና 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነው፤ ኢየሩሳሌም ግን ጠፋችበት፤ መንገዱን ስቼ ይሆን ብሎ ግራ ተጋባ። በክርስትናውም በእስልምናውም የሚነገረው ዋሻ ውስጥ ያንቀላፉት ወጣቶች ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ልብ በሉ፦ ሁሉም የሚሄዱት ወደ ፊት ነው። ትናንትን ላስተካክል ብሎ ወደ ኋላ የተመለሰ የለም።

አቤሜሌክን ለማየት ሱሉልታ መሄድ ይበቃል። ከሃያ ዓመት በኋላ ከውጭ የተመለሰ ሰው እንጦጦን ተሻግሮ ሲወርድ ከብት የተሰማራበትን መስክ በዓይኑ ይፈልጋል፤ ግንብና ቆርቆሮ ይጠብቀዋል። ሰበታም ቡራዩም እንዲሁ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃልለዋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሳይተኛ አቤሜሌክ የሆነው ገበሬ ነው፤ እዚያው ቆሞ እያየ አገሩ ከእግሩ ሥር ተቀየረ።

ታዲያ እንደ አገርም «ኖሮ» ውስጥ ተሳፍረናል። አንዱ 1966 ላይ ውረዱልኝ ይላል፣ ሌላው 1983 ላይ። የአዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ያስነሳውን ተቃውሞ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ የፈሰሰውን ደም እያነሳን «እንዲህ ቢደረግ ኖሮ» እንባባላለን። ማስታወሱስ ይገባል። የሞተን ሰው መርሳት ሁለተኛ መግደል ነው። ግን አርስቶትል እንዳለው ማንም ስላለፈው ነገር አይመክርም፤ ምክር ስለሚመጣው ነው። እኛ ሸንጎውን ሁሉ ትናንት ላይ አስቀምጠን ለነገ ወንበር አጣን።

ጸጸት ሁለት ዓይነት ይመስለኛል። አንዱ ያለፈው ቀን እንዲቀየር ይለምናል። ሁለተኛው የሚለምነው ጸጸተኛው ራሱ እንዲቀየር ነው። ወደ ንስሐ አባት የሚሄድ ሰው «ያደረግሁትን እንዳልተደረገ አድርጉልኝ» አይልም፤ «ከእንግዲህ ምን ላድርግ?» ነው የሚለው። የመጀመሪያው ጸጸት ፍቅር ይመስላል፤ ፍቅርም አለበት። ነገር ግን ሙታንን ሲያባርር በሕይወት ያለውን ሰው ያስረሳል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አላልኩትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «ልጅቷ መጀመሪያ የለመነችው ምን ነበር?»

አሰበ። «አጠገቡ መሆን።»

«በመጨረሻስ?»

ዝም አለ። ላፕቶፑን ከደነው። እውነትም ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚለወጠው ሞቱ አይደለም፣ ብቸኝነቱ ነው። ፒት ያው በዚያው መንገድ ይሞታል፤ ግን እጁን የያዘ ሰው አለ።

«እኔ ግን ጋሼ» አለ ቆይቶ፣ «አሁንም ቢሆን ከመኪናው ፊት እጎትተው ነበር።»

«እኔም እጎትተው ነበር» አልኩት። ዋሽቼ አላጽናናውም። እንዲህ የማይል ልጅ፣ እንዲህ የማይል ዘመድ ከሆንንማ ምን ቀረን?

ከዚያ ራሱ ነው የተናገረው። «ግን እኮ ሰበታ ለመሄድ ማሽን አያስፈልገኝም ነበር። በአስኮ ወርጄ፣ አየር ጤና ተሳፍሬ፣ ዓለም ገናን አልፌ… ሦስት ታክሲ ነው።»

ሦስት ታክሲ! ቡራዩና ሰበታ በአሞራ ክንፍ ቢሆን ጎረቤት ናቸው፤ እኛ ግን በከተማው ዞረን ነው የምንገናኘው። ያም ሆኖ ከ1987 ይቀርባል።

እህቴ አሁን ሰበታ ብቻዋን ናት። ስትደውል «አልተመቸኝም» ትላለች እንጂ ኑ አትልም። ቅዳሜ ከልጇ ጋር ተቀጣጥረን ሄድን። አየር ጤና ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ፀሐዩም አይጣል ነው። መሐል ላይ ስልኩ ጠራ። እናቱ ናት። ገና ሳይጨርስ መጥራቱን አነሳው።