የዕድገቷ ቀን

አንዲት አማኝ ነርስ «የደረጃ ዕድገቴ የተጻፈበት ቀን ስሕተት ስለሆነ ይታረምልኝ» ብላ ማመልከቻ ብታስገባ መንፈሳዊነቷ ይጎድላል? ጥያቄውን በወጣቶች ኅብረት ብታነሡት ግማሹ «መብቷ ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ለጌታ ትተወው፤ እርሱ ይከፍላታል» ይላል። ሁለቱም ወገን ቶሎ ስለሚመልስ ጉዳዩ ሳይታይ ያልፋል። ተወዳጆች ሆይ፣ ዛሬ ቀስ ብለን እንየው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ ነርስ፣ መምህር ወይም ወታደር ትሆናላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ማመልከቻው የሚቀርብለት ሰው ትሆናላችሁ።

ነገሩን እዚሁ ደጀን ላይ እናስቀምጠው። ሴትዮዋን ለምሳሌ ያህል ያሰብኳት ናት፤ የደረሰባትን ግን ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ያውቀዋል። ድንገተኛ ክፍል ትሠራለች። በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ቁስለኛ በሌሊት ሲመጣ ተነሥታ የምትቀበለው እርሷ ናት። ለዕድገት የሚያስፈልገውን አገልግሎት በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሞላች፤ የሥራ አፈጻጸም ውጤቷም ጥሩ ነበር። ፎርሙ ተሞላ፣ አለቃዋ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ አንድ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ቀረ። የያዘው ሠራተኛ ተዛወረ፤ በእርሱ ቦታ የመጣው ሰው ማኅደሩን ሲከፍት አንድ ዓመት ከስምንት ወር አልፏል። የዕድገቱ ደብዳቤ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ወጣ፤ የሚጸናውም ከዚያው ወር ጀምሮ ነው ተባለ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ጉቦ የጠየቃት የለም፣ በእምነቷ የገፋትም የለም። ወረቀት ዘገየ፣ በቃ። አቤት ማለቱን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ የሚወቀስ ሰው ሲጠፋ «ተበደልኩ» ማለቱ ራሱ ያሳፍራል። «አሁን ለሃያ ወር ብለሽ ነው?» የሚላትም አይጠፋም።

ቀን ግን ብቻውን አይቆምም። የሚቀጥለው ዕድገት የሚቆጠረው ከዚህኛው ነውና የዘገየው ሃያ ወር ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይሻገራል። ለትምህርት ዕድልና ለዝውውር ስትወዳደርም ይከተላታል። በመጨረሻ ጡረታ አለ። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አበል የሚሰላው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ መደበኛው የመውጫ ዕድሜ ደግሞ 60 ነው። እንግዲህ ዕድገቷ በ58 ዓመቷ የደረሰ ነርስ ወረቀቷ ሃያ ወር ቢዘገይባት፣ ከሚታሰቡት 36 ወራት 32ቱ በአሮጌው ደመወዝ ይያዙባታል። ልዩነቱም እስክትሞት ድረስ በየወሩ ከአበሏ ይጎድላል። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የረሳው ወረቀት እዚህ ድረስ ይሄዳል።

ያም ሆኖ «ለጌታ ተዪው» የሚሉትን ወገኖች አልንቅም። ከእነርሱ ጋር የሚቆም ቃል አለ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ከሚከስስ ይልቅ መበደልን ቢመርጥ እንደሚሻል ያስተምራል። በማቴዎስ 20 ደግሞ ከማለዳ ጀምረው የሠሩት ሠራተኞች ሲያጉረመርሙ የወይኑ አትክልት ባለቤት አልሰማቸውም። ነገር ግን እነዚያ ሠራተኞች የተዋዋሉትን ዲናር ሙሉውን ተቀብለዋል፤ ቅር ያላቸው የሌላው ሰው መቀበል ነው። ነርሷ የማንንም ደመወዝ አልቆጠረችም። የቆሮንቶሱም ነገር ወንድም በወንድም ላይ ያነሣው ክስ ነው፤ አንዲት ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቷ «መዝገባችሁ ተሳስቷል» ብላ መጻፏ ክስ አይደለም። ይልቅስ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ጳውሎስ ከወንጌል አገልግሎት ሊያገኝ የሚገባውን ቀለብ ትቷል። ከመተዉ በፊት ግን የሚገባው መሆኑን ከወታደር፣ ከእረኛ፣ ከሚያርስ በሬ ሳይቀር ምሳሌ እያመጣ በሰፊው አስረድቷል። መጀመሪያ መብቱን አስመዘገበ፣ ከዚያ ተወው። ለካ መተው የሚቻለው የራስ መሆኑ የታወቀን ነገር ነው!

የምላችሁ እንግዲህ ይህን ነው። በነርሷ ማመልከቻ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣብቀዋል፤ ውዝፉ ደመወዝና ቀኑ። ውዝፉ የእርሷ ስለሆነ ልትቀበለውም ልትተወውም ትችላለች። ቀኑ ግን የእርሷ ብቻ አይደለም። ያ ደብዳቤ ማኅደሯን ወደፊት ለሚያነብ ሰው ሁሉ «ይህች ሴት ከግንቦት 2014 በፊት ለዚህ ደረጃ አልበቃችም ነበር» እያለ ይመሰክራል። ይህ እውነት አይደለም። ሐሰተኛ ምስክርነት በማኅተም ሲታተም እውነት አይሆንም፤ የተጎዳችው እርሷ ስለሆነች ብቻም ዝም በማለቷ አይታረምም። ከፈለገች «ገንዘቡን ትቼዋለሁ፣ ቀኑን ግን አርሙት» ልትል ትችላለች። «ቀኑንም ትቼዋለሁ» ስትል ግን የምትተወው የራሷን ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ለዚህ ሐሳብ ከፊልጵስዩስ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ሐዋርያት ሥራ 16ን ስንሰብክ እስር ቤቱ እንደ ተናወጠና ጠባቂው እንደ ዳነ ተናግረን እናቆማለን፤ ከቁጥር 35 በኋላ ያለውን ብዙ ጊዜ እንዘልለዋለን። ሲነጋ ገዢዎቹ «ይፈቱ፣ ይሂዱ» ብለው ሎሌ ላኩ። ጳውሎስ ነጻ ነው፤ በሩ ክፍት ነው። ጀርባው ገና አልደረቀም። ብዙዎቻችን «ጌታ ይመስገን» ብለን ቶሎ እንወጣ ነበር። እርሱ ግን እምቢ አለ። የሮም ዜጎች ሳለን ሳይፈረድብን በሕዝብ ፊት ገርፈውናል፤ አሁን በስውር አይሰዱንም፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። ገዢዎቹ ፈሩ፣ መጡ፣ ለመኑአቸው። ካሳ ጠየቀ? አልጠየቀም። ገራፊዎቹ እንዲቀጡለት ፈለገ? የሚል ቃል የለም። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በሕዝብ ፊት የተደረገው ስሕተት በሕዝብ ፊት እንዲቀና። ከዚያም ወደ ልድያ ቤት ሄዶ ወንድሞችን አጽናናና ከከተማው ወጣ። እርሱ ይሄዳል፤ ልድያና የእስር ቤቱ ጠባቂ ግን እዚያው ይኖራሉ። የጳውሎስ መዝገብ «ወንጀለኛ» እንደሚል ቢቀር የሚከፍሉት እነርሱ ነበሩ።

«መርዶክዮስስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ መርዶክዮስ አልጠየቀም። ንጉሡን ሊገድሉ ያሴሩትን አጋለጠ፣ ምንም ሳይደረግለት በበሩ ተቀምጦ ኖረ፤ ንጉሡ እንቅልፍ ያጣባት ሌሊት እስክትመጣ ድረስ። ነገር ግን በዚያች ሌሊት የተነበበው ምን ነበር? መዝገቡ። አስቴር 2 መጨረሻ ላይ ነገሩ በትክክል በመጽሐፍ ተጽፎ ነበር። መርዶክዮስ የዘገየበት ዋጋው ነው፤ ታሪኩ ግን በትክክል ሰፍሮለታል። የእኛዋ ነርስ የጎደላት እርሱ የነበረው ነገር ነው።

ይህን በሁለት መለየት እኔ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ አንድ መኮንን ማዕረግ ሲያገኝ ሁለት ቀኖች ይጻፉለታል፤ አንዱ የማዕረግ ቅድሚያው የሚቆጠርበት፣ ሌላው በአዲሱ ማዕረግ መከፈል የሚጀምርበት። ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። እዚያ ተጠባባቂ ጦር የሚባል አለ፤ ነርሷ በሰላም ጊዜ በሲቪል ሆስፒታል ትሠራለች፣ በተወሰኑ ቀናት ትሠለጥናለች፣ ሲያስፈልግ ትጠራለች። የእንዲህ ዓይነቷ ነርስ ወረቀት በሁለት ዓለም መካከል ስለሚመላለስ የማዕረግ ቀኗ ቢዘገይ አይገርምም። ስትበደል የምታመለክትበት ቦታ ግን አላት። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ ሕግ የወታደር መዛግብትን የሚያርሙ ቦርዶች እንዲቋቋሙ አደረገ። ከዚያ በፊት ለአንድ ሰው መዝገብ ሲባል በምክር ቤት የተለየ ሕግ ይወጣ ነበር። ቦርዱ ውስጥ የሚቀመጡት ወታደሮች ሳይሆኑ ሲቪሎች ናቸው። ሥልጣናቸውም ስሕተትን ማረም ብቻ ሳይሆን ኢፍትሐዊነትን ማስወገድንም ይጨምራል፤ ሁሉም ፊርማ በደንቡ ተፈርሞ ሰው ግን ሊበደል እንደሚችል ሕጉ ራሱ ያምናል ማለት ነው። አመልካቹ ስሕተቱን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ቦርዱ ጊዜውን ያልፍለታል።

ያችው አገር ይህን ቀድማ ባለማወቋ ያፈረችበት ታሪክ አላት። ሃሪየት ተብማን ከባርነት አምልጣ ሌሎችን እየመራች ያስመለጠች፣ ሰዎቿ «ሙሴ» ብለው የጠሯት አማኝ ሴት ናት። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለሰሜኑ ጦር በደቡብ ካሮላይና ነርስና ሰላይ ሆና አገለገለች፤ እ.ኤ.አ. በ1863 በኮምባሂ ወንዝ ላይ በተደረገው ዘመቻ ከ700 በላይ ባሪያዎች ነጻ ሲወጡ መንገዱን ካሳዩት አንዷ እርሷ ነበረች። ሆኖም አገልግሎቷ በወጉ አልተመዘገበም። ጦርነቱ ካበቃ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1895 የተሰጣት በወር 8 ዶላር ነው፤ እርሱም በራሷ ሥራ ሳይሆን በሟች ባሏ ወታደርነት። በ1899 ነርስነቷ ታስቦ 20 ዶላር ሆነላት። በ1913 አረፈች። በ2003 የአሜሪካ ምክር ቤት ጎድሎባት ለቀረው ጡረታ 11,750 ዶላር ፈቀደ፤ ገንዘቡ በስሟ ለሚጠራው ቤት ሄደ። በ2024 ደግሞ የሜሪላንድ ግዛት የብርጋዴር ጄነራልነት ማዕረግ ሰጣት። በመቃብር ላለ ሰው 11,750 ዶላር ምን ይሠራል? ለእርሷ ምንም። ግን ማንም ሰው «ይህ ገንዘብ ባከነ» ሲል አልሰማሁም።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። የነርሷ ቀን ወደ መስከረም 2013 ቢመለስ፣ በመካከል ዕድገት ያገኘች ሌላ ነርስ በቅድሚያ ከእርሷ በታች ትሆናለች። ያቺ ሴት ምንም አላጠፋችም። ምናልባት አብራት ትዘምር ይሆናል። «መብቴ ነው» የሚለው ወገን ይህን አያይም። ባልደረባዋ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከምታነበው ይልቅ ነርሷ ቀድማ ሄዳ ብትነግራት ደስ ይለኛል፤ ማመልከቻ ከማስገባቱ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ከዚህ የባሰም አለ። ቀን የሚያርመው እስክሪብቶ ቀን ወደ ኋላም ይጽፋል። «እግረ መንገድሽን ለምን ከሐምሌ ጀምሮ አታስደርጊውም? እኔ አስተካክለዋለሁ» የሚል ወዳጅ ቢሮ ውስጥ አይጠፋም። ሐምሌ 2012 ላይ የሚፈለገውን አገልግሎት አልሞላችም ነበር፤ ሁለት ወር ይቀራት ነበር። እነዚያን ሁለት ወራት ከተቀበለች የጠየቀችው ሁሉ መልኩን ይቀይራል፤ ስለ እውነት የጀመረችው ነገር በሌላ ሐሰት ያልቃል። ስለዚህ ማስረጃዋን ስታቀርብ የሚጎዳትንም ወረቀት ጨምራ ታቅርብ። የቀን አቆጣጠሩንም አጣርታ ትጻፍ። በአገራችን አንዱ ሰነድ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍና 2013 የቱ እንደሆነ የሚያከራክር ወረቀት ስንቱ ማኅደር ውስጥ አለ።

በጠረጴዛው ወዲያ ለምትቀመጡት ደግሞ አንድ ነገር። ዘዳግም 24 የምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ይናገራል፤ ሰውየው ድሃ ነው፣ ነፍሱንም በእርሱ ላይ ጥሏል። ያዕቆብ 5 የተያዘ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። ፋይል ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ለመሄድ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ የማንም ጸሐፊ ጥፋት አይደለም። መንገዱ ተከፍቶ ማኅደሩ እዚያው ሲያድር ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ነገ ተመለሺ» የሚል ወንድም እሑድ ከመድረክ ሲመሰክር ነርሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትሰማዋለች።

በወጣቶች ኅብረታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ የያዘው ሰው ካለ፣ ጸልዩለትና ቢሮ ድረስ አብራችሁት ሂዱ። መጀመሪያ ለአለቃው፣ ቀጥሎ ለሰው ሀብት፣ ከዚያም ለቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ ያመልክት። የቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከዚያ በላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቋቁሞ ነበር፤ ክልሎችም በየራሳቸው ሕግ የሚሠሩበት መንገድ አላቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ውዝፍ ያለበት ጥያቄ በሚያዝያ ቢገባ ከሐምሌ ይሻላል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ የመዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ያረፈበት አንዱ ቅጂ ከእጁ አይውጣ።