ረጅም መንገድ በአሮጌ መኪና

የስብከቱ ምንባብ፤ ዕዝራ 8፥15-34።



ካህኑ ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለሱትን ሰዎች በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ሰብስቦ ሦስት ቀን አሰፈራቸው። በፊታቸው ያለው መንገድ አራት ወር የሚፈጅ ነበር፤ ሕፃናት አብረዋቸው ነበሩ፤ ለእግዚአብሔር ቤት የተሰጠ ብዙ ብርና ወርቅም በእጃቸው ነበረ። በዚያ ስፍራ ዕዝራ ሕዝቡን ቢመረምር ከሌዊ ልጆች አንድ ስንኳ አላገኘም። ጉድለቱን ባየ ጊዜ «ግድ የለም፥ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እንሂድ» አላለም። አስተዋዮችን ልኮ ሌዋውያን እስኪመጡለት ድረስ ቆየ። ጉዞው በመጀመሪያው ወር በመጀመሪያው ቀን ተጀምሮ ሳለ፥ ከአኅዋ የተነሡት በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

ይህን ምንባብ ዛሬ የያዝነው በአሮጌ መኪና ሩቅ አገር ለሚሄዱ ምእመናን እንናገር ዘንድ ነው። ምናልባት «የስብከት ገጽ ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን መጋቢዎች ነን። መኪና ሲነሣ ጸልዩልን ተብለን የምንጠራ እኛ ነን፤ አደጋ በደረሰ ጊዜም በሙት ቤት ደጅ የምንቆም እኛው ነን። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ያገባናል።

አስቀድመን ይህን እንበል፤ አሮጌ መኪና መያዝ ነውር አይደለም። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በእጅ ያለው ይጠበቃል፤ አባት የነዳውን ዲኤክስ ቶዮታ ልጁ ይነዳዋል። እግዚአብሔርም አሮጌውን ነገር አይንቅም። በምድረ በዳ አርባ ዓመት የሕዝቡ ልብስ እንዳላረጀ በዘዳግም 8 ተጽፎ እናነባለን። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ቃል ለመኪናቸው ሲጠቅሱት ሰምተናል። ነገር ግን ሕዝቡ ወደ ምድሪቱ ገብቶ እህሏን በበላ ጊዜ መናው እንደ ቀረ ኢያሱ 5 ይናገራል። እርሻ ባለበት ማረስ፥ ጋራዥ ባለበትም ማስጠገን የእኛ ድርሻ ሆነ።

የመኪና ዕድሜ በዓመትም በኪሎ ሜትርም ይቈጠራል፤ ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ይዋሻሉ። በጥንቶቹ መኪናዎች ባለ አምስት አኃዝ የሆነው መቍጠሪያ 99,999 ከደረሰ በኋላ እንደ ሕፃን ከዜሮ ይጀምራል። ከዚህ የሚከፋው ሻጩ በእጁ ወደ ኋላ የመለሰው ነው። የገባዖን ሰዎች ቅርብ ሆነው ሳሉ ከሩቅ የመጡ እንዲመስሉ ያረጀ ጫማና የሻገተ እንጀራ ይዘው ወደ ኢያሱ መጡ፤ የዛሬው ሻጭ ደግሞ ከሩቅ የመጣውን መኪና ከቅርብ የመጣ ያስመስለዋል። የፍሬኑ መርገጫ ጎማ አልቆ፥ የነጂው ወንበር ጎድጕዶ ሳለ መቍጠሪያው ጥቂት ቢያሳይ፥ ምስክሩ መርገጫው ነው እንጂ አኃዙ አይደለም። የእስራኤል ሰዎች ስንቁን አዩ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። የእኛ ዘመን ስሕተት ብዙ ጊዜ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ እግዚአብሔርን እንለምናለን፥ መኪናውን ግን አናየውም።

ከሸዋ ወደ ጎጃም የሚሻገሩ ሁሉ የዐባይን በረሃ ያውቃሉ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከድልድዩም እስከ ደጀን ያንኑ ያህል መውጣት አለ። አምስት ሰውና ዕቃ የያዘች ትንሽ መኪና ወደ 15 ኩንታል ትመዝናለች። ይህን ክብደት 1,000 ሜትር ቁልቁል አውርዶ በፍሬን ብቻ ለመያዝ የሚወጣው ሙቀት ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት በአራት ጎማ ውስጥ በተሸሸጉ ጥቂት ብረቶችና ሸራዎች ላይ ያርፋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በዕድሜ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቈየት ይገባዋል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ከእርሱ የሚጠበቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ በፈላ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ስለሚታመቅ የነጂው እግር እስከ ወለሉ ይወርዳል፥ መኪናው ግን አይቆምም። በከተማ ለዓመታት ያልታመመ ፍሬን በዚህ በረሃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምስጢሩ ይገለጣል። ስለዚህ አስተዋይ ነጂ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱን ያስለውጣል፤ ከገደሉ አፍ ላይም ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል። ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሰው ያተረፈው ጥቂት ብር ነው፤ ያስያዘው ግን የሰው ነፍስ ነው።

ዳገቱም የራሱ ፈተና አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ሞተሩን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውኃውን አምቆ እንዳይፈላ ያደርገዋልና። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ መኪናው በዳገት መካከል ይፈላል። የፈላን ራዲያተር ወዲያው መክፈት ፊትን ማቃጠል ስለ ሆነ፥ ዳር ይዞ እስኪበርድ መጠበቅ ይገባል። ጎማም ጥርሱ ሳያልቅ በዓመት ብዛት ይሞታል። በጎኑ ላይ የታተሙት አራት አኃዞች የልደት ቀኑ ናቸው፤ 2318 ቢል በ2018 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ትርፉን ጎማ ይህን ሳያዩ የሚጭኑ ብዙዎች ናቸው። የሞተሩን ቺንጊያ ነገር ለመካኒኩ እንተወዋለን፤ መቼ እንደ ተለወጠ ግን ባለቤቱ ሊያውቅ ይገባል።

«ዓመታዊውን ምርመራ አልፈን ቦሎ ለጥፈናል» የሚሉ አሉ። መልካም ነው። ቦሎው ግን መኪናው በዚያ ቀን እንዴት እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ፥ ዛሬ ማለዳ እንዴት እንዳደረ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዘጸአት 21 ስለሚዋጋ በሬ ሕግ ተሰጥቶአል። በሬው ድንገት ሰውን ቢገድል ባለቤቱ ነጻ ነው። በሬው ከዚህ በፊት ይዋጋ እንደ ነበረ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን፥ ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው። ፍርዱ የተለወጠው በሬው ስለ ተለወጠ አይደለም፤ ባለቤቱ ስላወቀ ነው። መካኒኩ ባለፈው ወር «ይህ ፍሬን ሩቅ አያስኬድም» ብሎት የዝምታ ጸሎት ጸልዮ የሚነሣ ሰው፥ በእግዚአብሔር ፊት የቆመው እንደ ሁለተኛው ባለ በሬ ነው።

ታዲያ አውቆ ለምን ይነሣል? ስንፍና ነው አንልም። ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። ከዘመድ መካከል መኪና ያለው አንድ እርሱ ነው። ማታ ከአገር ቤት የሞት መርዶ ይመጣል፤ አክስት፥ አጎት፥ የጎረቤት እናት ሳይቀሩ በደጁ ይሰበሰባሉ። አምስት በሚይዘው ላይ ስምንት ይገባል፤ ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ይቈለላል፤ በሌሊት ይነሣሉ። «አይሆንም» ቢል በለቅሶ ቀን ክፉ ሰው ተባለ።

ዕዝራም አፍሮአል፤ ይህን ልብ በሉ። አምላካችን የሚሹትን ሁሉ ይጠብቃል ብሎ ለንጉሡ ከነገረው በኋላ፥ ጭፍራና ፈረሰኛ ይስጠን ማለትን አፈረ። ኀፍረቱ ለእግዚአብሔር ስም ነበረ። (ነህምያ በኋላ ከንጉሡ ጭፍሮች ጋር መጥቶአል፤ መጽሐፍ ግን አንዱንም አይነቅፍም።) ዕዝራ ስላፈረ ጾመ፥ ለመነ፤ ይሁን እንጂ ሚዛኑን አልጣለም። ከጾሙ ቀጥሎ የምናነበው 650 መክሊት ብርና 100 መክሊት ወርቅ መዝኖ ለተመረጡ ሰዎች ማስረከቡን ነው። የእኛ ኀፍረት ግን የሰው አፍ ፍርሃት ነው፤ ሚዛኑንም ያስጥለናል። ዕዝራ ስለ ወርቅ ይህን ያህል ከመዘነ፥ ክርስቶስ የሞተላቸውን ሰዎች የጫነ ምን ያህል ይመዝን?

ስለዚህ በለቅሶም ቀን ቢሆን «አምስት ሰው ብቻ እወስዳለሁ፤ ሌሎቻችሁ በአውቶቡስ ትመጣላችሁ፤ የመንገዱን ሰላም ጠይቀን ጎሕ ሲቀድ እንነሣለን» የሚል ወንድም ቢኖር፥ ሽማግሌዎች አይቈጡት፤ ከጎኑ ቆመው ይናገሩለት። መኪናው የማያስኬድ ከሆነም የአውቶቡሱን ዋጋ ማኅበሩ አዋጥቶ ይስጠው። ሟቹ ዘግይቶ በመጣ ሰው አያዝንም፤ እናቱ ግን ሁለተኛ ሬሳ ልትቀበል አይገባትም። ጸሎት አድርጉልን ተብለን የምንጠራ እኛም፥ ከመጸለያችን በፊት «ፍሬኑ ታይቶአልን? ስንት ሰው ተጫነ?» ብለን ብንጠይቅ ደፋሮች አያሰኘን።

ዕዝራና ሰዎቹ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜ ሦስት ቀን ተቀመጡ፤ በአራተኛው ቀን ያመጡት ሁሉ እንደ ገና ተቈጥሮና ተመዝኖ በጽሑፍ ተያዘ። እኛ አገር ቤት ስንደርስ ዘመድ ይከበናል፤ መኪናው እስከ መመለሻው ማለዳ በግቢ ይረሳል። ይህ እንዳይሆን ባለቤቱ በማግስቱ ሰው ሳይበዛበት ወጥቶ መኪናው ካደረበት ስፍራ ጥቂት ፈቀቅ ያድርገው፤ መሬቱንም ይመልከት። ጥቁር የዘይት ጠብታ ወይም የራዲያተር ውኃ ቢያይ፥ ጎማውንም ዳብሶ እብጠት ቢያገኝ፥ በአቅራቢያው ወዳለ መካኒክ ይውሰደው። የሚመለስበት መንገድ ያው ቁልቁለት ነውና።