አምስት ጫማ

በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሰው ነበር። አገር ቤት ሳለ ደሴ ላይ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ታክሲ ይነዳል። ሚስት፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ ዕድሜ የጠገቡ እናትም ነበሩት። ልጅቱ በሰባት ዓመቷ የክፍል ጓደኛዋን ተከትላ ሶፍትቦል ጀመረች። ሰውየው መጀመሪያ ላይ የጨዋታው ሀ ሁ አልገባውም፤ ለእሱ ኳስ ማለት በእግር የሚመታ ነገር ነው። ይሁንና መምህር የማያውቀው ነገር እፊቱ ሲሠራ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። የደንቡን መጽሐፍ አገላብጦ አነበበ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ የቦክስ ጓንት እንደ ኳስ ተጠፍሮ በመጥረጊያ እንጨት እየተመታ መጀመሩን ሳይቀር ከኤርፖርት ለሚጭናቸው ተሳፋሪዎች ይተርክ ጀመር።

ልጅቱ አሥር ዓመት ሲሞላት የቡድኗ አንደኛ ፒቸር ሆነች፤ ክንዷን አንድ ሙሉ ዙር አዙራ ኳሷን ከዳሌዋ አጠገብ ለመቺዋ የምትለቀው እሷ ናት። ማታ ማታ ከአፓርትማው ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ አባትየው የቀለም ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና ጓንቱን ይዘረጋል። በዚያ አገር የፒቸር አባት ሆኖ ባልዲ የሌለው ጥቂት ነው፤ ደልቶት ስፖንጅ ያለው ክዳን የሚገዛለትም አለ። አስፋልቱ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሯል፤ ከመስመሩ እስከ ባልዲው 35 ጫማ። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ «ጧ» ስትል ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። አያት ቡናቸውን ይዘው በመስኮት ያያሉ። «ይቺ ልጅ ክንዷ አይዝልም?» ይላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም።

አሥራ አንድ ዓመት ሞላትና ወደ ላይኛው ክፍል ተዛወረች፤ እስከ አሥር ዓመት ላሉት ከሆነው ቴን ዩ እስከ አሥራ ሁለት ወደሚደርሰው ትዌልቭ ዩ። አባትየው ደንቡን እንደገና ገለጠ። የኳሷ ዙሪያ ከ11 ኢንች ወደ 12 ኢንች አድጓል። የፒቸሯ ርቀት ከ35 ጫማ ወደ 40 ጫማ ተስቧል። ሯጮች ከሚረግጡት ከአንዱ ቤዝ ወደ ሌላው ያለው ግን ያው 60 ጫማ ነው፤ ይህን አንብቦ አለፈው። ካልኩሌተሩን አወጣ። ልጁ በሰዓት 45 ማይል ትወረውራለች፤ ኳሷ ከ35 ጫማ ተነሥታ መቺዋ ዘንድ ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ እምብዛም ያለፈ ጊዜ አይፈጅባትም። ከ40 ጫማ ተነሥታ በዚያው ጊዜ እንድትደርስ 51 ማይል ያስፈልጋል።

«ስድስት ማይል ይጎድልሻል፤» አላት።

«እሺ፣ አባዬ።»

ስሌቱ እንከን አልነበረውም። ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ መስመሩን አምስት ጫማ ወደ ኋላ ስቦ፣ አንዲት የፍጥነት መለኪያ ራዳር ገዝቶ ባልዲው አጠገብ አቁሞ፣ «በርቺ፣ ጨምሪ!» ሲላት ከረመ። ልጅቱም ጨመረች። ስትጨምር ግን ትከሻዋ ይነሣል፣ ራሷ ወደ ጎን ይዞራል፣ መዳፏን ሞልታ የተረፈችው ኳስም ሳትለቃት ቀድማ ትሾልካለች። አንዷ አስፋልቱ ላይ ነጥራ ትቀራለች፣ አንዷ በአባትየው አናት ላይ ታልፋለች፣ አንዷ የጎረቤት መኪና የኋላ መብራት ሰበረች። ራዳሩ 46 አሳየ፤ አንድ ጊዜ 47።

መስከረም ላይ የመጀመሪያው ግጥሚያ ደረሰ። የመጀመሪያዋ መቺ ከልጅቱ በአንድ ራስ ትበልጣለች። ልጅቱ ግን ሁለት ጊዜ አሳተቻት፤ በሦስተኛዋ ኳስም መቺዋ ዱላዋን በኃይል ወዝውዛ አየር ብቻ መታች። አባትየው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ልጅቱም ሥራዋን እንደጨረሰች ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታ የፀጉር ማስያዣዋን ታስተካክል ጀመር። ለካ ከመቺዋ ጀርባ ኳሷን የምትቀበለው ካቸር ጥላት ኖሯል፤ ኳሷ ወደ አጥሩ ትንከባለላለች፣ መቺዋ ዱላዋን ወርውራ ወደ አንደኛ ቤዝ ትበርራለች።

«ሦስት ነው እኮ! አውት ናት!» ብሎ ጮኸ አባትየው።

አጠገቡ የተቀመጠች እናት ፈገግ ብላ፣ «እዚህ ካቸሯ ከጣለች ይሮጣል፤ ታችኛው ክፍል ነው የማይሮጠው» አለችው።

ልጅቱ መሀል ሜዳ ላይ ግራ ገብቷት ወደ አባቷ አየች። እሱም የሚነግራት አልነበረውም። ከዚያ በኋላ እጇ አልታዘዝ አላት፤ ሦስት መቺዎችን አከታትላ በነፃ ወደ ቤዝ አሳለፈች። አሰልጣኟ ገብታ ኳሷን ተቀበለቻትና ወደ ቀኝ ሜዳ ላከቻት፤ በልጆች ጨዋታ ኳስ እምብዛም ወደማይዘልቅበት ጥግ።

በቡድኑ ደንብ ወላጅ ከግጥሚያ በኋላ 24 ሰዓት ሳያልፍ ስለ ልጁ አሰልጣኝ አያናግርም። በአሜሪካ የልጆች ስፖርት የተለመደ ነገር ነው፤ ለእድራችን ስብሰባም ቢሆን አይከፋም ነበር። ሰውየው ሰዓቱን ቆጠረ፤ እንደሞላ ደወለ። ሁሉንም ነገራት፤ አርባ አምስቱን፣ ሃምሳ አንዱን፣ ጎደለ ያለውን ስድስቱን። አሰልጣኟ በኮሌጅ ዘመኗ ካቸር የነበረች ሴት ናት። አዳምጣው ስትጨርስ፣ «ማክሰኞ ባልዲህን ይዘህ ና፤ ራዳሩ መኪና ውስጥ ይቅር» አለችው።

ማክሰኞ መጣ። አሰልጣኟ ባልዲውን ከእጁ ወሰደችና ከልጅቱ 30 ጫማ ርቀት ላይ ደፋችው። ሰውየው በዓይኑ ለካ።

«ይሄ እኮ ከድሮውም ያነሰ ነው።»

«አዎ።»

«ልጄ ወደ ላይ ነው የወጣችው። እንዴት ወደ ኋላ እንመልሳታለን?»

«ኳሷን እጇ ገና አላወቃትም፤» አለች አሰልጣኟ። «አንተ ኳሱንም፣ ርቀቱንም፣ ፍጥነቱንም ባንድ ላይ ጫንክባት። መጀመሪያ ከኳሷ ጋር ትተዋወቅ። ስትለምዳት አንድ አንድ ጫማ ታፈገፍጋለህ። የምታፈገፍገው ደግሞ አንተ ነህ፤ እሷ ከቆመችበት አትነቃነቅም።»

«እስከዚያ ቀኝ ሜዳ ላይ ቆማ ምን ትሠራለች?»

«ትሮጣለች።»

ማታ እራት ላይ ለእናቱ አጫወታቸው። «አንደኛ የነበረች ልጅ ወስደው ጥግ አቆሟት፣ እማዬ። እንደ አዲስ ጀማሪ አደረጓት።»

አያት የቆረሱትን እንጀራ እንደያዙ ቆዩ። «አንተስ እዚህ እንደመጣህ ፊዚክስ አስተማርህ?» አሉት።

ዝም አለ። አሜሪካ በገባ ሰሞን የሠራው መኪና ማቆሚያ ቤት ነው። የቲኬቱን ማሽን አከፋፈት ያሳየው ከእሱ ቀድሞ የመጣ የጎንደር ልጅ ነበር፤ ፈረቃው ካለቀ በኋላ፣ ሳይስቅበት፣ አጠገቡ ቆሞ። ሚስቱ «እማዬ፣ ወጥ ልጨምርልዎ?» ብላ ነገሩን አበረደችው።

ብርዱ ሲገባ ልምምዱ ወደ ትምህርት ቤት ጂም ገባ። ልጅቱ ትልቋን ኳስ በሁለት ጣት መያዙን ትታ በሦስት ጣት፣ የጣቶቿን ጫፍ ስፌቱ ላይ አሳርፋ መያዝ ለመደች። መቺዋ ፈጣን ስትጠብቅ ቀስ ብላ የምትመጣ ኳስም አስተማሯት፤ ክንዷ እንደ ሌላ ጊዜው ይሽከረከራል፣ ኳሷ ግን ትዘገያለች። አባትየውን መጀመሪያ ያስደነቀችው ይቺ ኳስ ነች፤ ፍጥነት መቀነስ ጥቅም እንዳለው በስሌቱ ውስጥ አልነበረም። ባልዲው 31 ሆነ፣ 32 ሆነ። ጥር ላይ 35 ደረሰ፣ የድሮው ቦታ፤ «ጧ» የሚለው ድምፅም ተመለሰ፣ አሁን ወፈር ብሎ። የካቲት ውስጥ አንድ ማታ 38 ላይ ኳሷ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ሰውየው ማንም ሳያዘው ከተቀመጠበት ተነሣ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወደ 36 ቀረበ። ልጅቱ አየችውና ሳቀች።

ጸደይ መጣ። አሁንም ቀኝ ሜዳ ላይ ናት። የውስጥ ሜዳ ልጆች ኳስ ከመሬት አንሥተው ወደ አንደኛ ቤዝ ሊወረውሩ ሲሉ እሷ ከጥጓ ተነሥታ ከቤዙ ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ትሮጣለች። ኳሷ በሰላም ትያዛለች፤ ልጅቱም ባዶ እጇን ወደ ጥጓ ትመለሳለች። እንደገና ትሮጣለች፣ እንደገና ባዶ እጇን ትመለሳለች። አባትየው አንብቦ ያለፈው 60 ጫማ ያን ጊዜ ገባው። መንገዱ አልረዘመም፤ የሚሮጡበት ልጆች ናቸው ያደጉት። በዚያው መንገድ ላይ እነሱ ሲፈጥኑ ኳስ አንሺዋ ትቸኩላለች፤ ስትቸኩል ትስታለች፤ ስለዚህ ከቤዙ ጀርባ አንድ ሰው መኖር አለበት።

ሚያዝያ ላይ አንዷ ከሦስተኛ ቤዝ አጠገብ የወረወረቻት ኳስ ከአንደኛ ቤዝ ጠባቂዋ ጓንት በላይ አለፈች። ልጅቱ እዚያ ነበረች። ኳሷን በደረቷ አቆመቻት፤ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ልትቀጥል የነበረችው ሯጭ ባለችበት ቀረች። ያጨበጨበ የለም፤ ከአባትየው በቀር። ፒቸሯ፣ በመስከረም ቦታዋን የወሰደችባት ትልቋ ልጅ፣ ዞር ብላ ጓንቷን ወደ እሷ ከፍ አደረገች። ቡድኑ በዚያን ቀን ተሸነፈ።

ግንቦት ላይ አንድ ዙር እንድትወረውር ኳሷን ሰጧት። ሁለት ነጥብ ተቆጠረባት፣ ሦስት መቺም አስወጣች። በስንት ማይል እንደወረወረች የለካ የለም።

ምሳሌው ይኸው ነው፤ ፍቺው ብዙ አያስኬድም። ሰውየው ክፉ አባት አይደለም፤ ሒሳቡም ልክ ነው። የሳተው ወደ ላይ መውጣትን እንደ ዕዳ ቆጥሮ፣ ጎደለ ያለውን ባንድ ጊዜ ከልጁ ሊያስከፍል መነሣቱ ነው። እኛ ተማሪ ቤት ሳለን ጎበዝ ልጅ «ደብል ይመታ» ነበር፤ ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ ዘሎ እግሩ መሬት በማይነካበት ዴስክ ላይ ይቀመጣል፣ ቤተሰቡም ወሬውን ለሠፈሩ ያዳርሳል። ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚውል የሚጠይቅ ግን ብዙም አልነበረም።

ወላጆች አብዝተው የሚከራከሩት ልጅቱ ትውጣ ወይስ ዓመት ትቆይ በሚለው ነው። ዕድሜዋ ካስገደደ ክርክር የለውም። ካላስገደደና እሽቅድምድሙ የአባት ከሆነ እኔ ከሚያዘገዩት ወገን ነኝ። ትልልቆቹ ልጆች ኳሷን መልሰው ሲመቱ የዋዛ አይደለም፤ ብዙ ፒቸሮችና የውስጥ ሜዳ ልጆች የፊት መከላከያ አጥልቀው የሚጫወቱት ያለ ነገር አይደለም። ከወጣች በኋላ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከተለወጡት ነገሮች የትኛውን ዛሬ ትሸከም፣ የትኛውን እናቆይላት? አሰልጣኟ ኳሷን አስቀደመች፣ ርቀቱን አስከተለች፣ መቺዎቹን ለመጨረሻ ተወች። ሌላ አሰልጣኝ ቅደም ተከተሉን ሊያዛውረው ይችላል፤ ሁሉንም ባንድ ማታ የሚጭን ግን አሰልጣኝ አልለውም።

ስለ ቀኝ ሜዳውም አንድ ነገር። ጥግ ላይ ቆማ ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ እንደተቀጣች ይሰማታል። የምትሮጥበት ምክንያት የተሰጣት ልጅ ሥራ አላት፤ ማንም ባያይላት ትልልቆቹ ያዩላታል። አንደኝነቷን ማጣቱ ያንገበግባት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከልጅ ይልቅ ወላጅ ላይ ነው ሐዘኑ የሚቆየው፤ ልጅቱማ ካዲሶቹ ጓደኞቿ ጋር አይስክሬም ትበላለች።

ለነገሩ ወደ ፎርቲን ዩ ስታልፍ ርቀቱ 43 ጫማ ይሆናል፤ ኳሷ ያችው ባለ 12 ኢንቿ ናት። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ ደረጃም፣ ኮሌጅም፣ ኦሊምፒክም ያው 43 ነው። ለአባትየው የሚያፈገፍገው ሦስት ጫማ ብቻ ቀርቶታል።