ሥልጣንና አደራ

ሰው በፍጥረት ሁሉ ላይ ሠልጥኗል ሲባል፣ ሥልጣኑ እንደ ወደደ የሚያጠፋበት መብት ነውን፣ ወይስ በፈጣሪው ፊት ሒሳብ የሚጠየቅበት የመጋቢነት አደራ?

ይህ ጥያቄ በደቡብ ኮሪያ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ሴማንግም በተባለው ስፍራ፣ በግብር ተጠይቋል። መንግሥት ከባሕር የእርሻ መሬት ለማውጣት 33 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግድብ ሲያሠራ፣ ባሕሩ በየቀኑ እየመላና እየጎደለ የሚገልጠው፣ ከአውስትራሊያ ወደ ሳይቤሪያ የሚሻገሩ አዕዋፍ ዐርፈው የሚመገቡበት፣ ድኾችም ዛጎል ለቅመው የሚያድሩበት ረግረግ ሊደርቅ ሆነ። ይህን በመቃወም በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ የቡድሃ መነኩሴ፣ አንድ የካቶሊክ ካህን፣ አንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪና ዎን ቡዲዝም የተባለው የኮሪያ ሃይማኖት አንድ አገልጋይ፣ ሦስት እርምጃ እየተራመዱ አንድ ጊዜ እየሰገዱ፣ ከዚያ ዳርቻ እስከ ሶል 300 ኪሎ ሜትር ያህል በ65 ቀን ተጓዙ። ግድቡ ግን በ2006 እ.ኤ.አ. ተገጠመ፤ በዐሥር ሺሕ ይቈጠሩ የነበሩት አዕዋፍም ከስፍራው ተመናመኑ።

ለሕዝብ እንጀራ መሻት ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን በሃይማኖት የተለያዩ አራት ሰዎች በአንድ መሬት ላይ ግንባራቸውን ማሳረፋቸው፣ ለሌላው ፍጥረት መራራት የአንድ ወገን ትምህርት ብቻ ሳይሆን በሰው ልቡና የተጻፈ ሕግ መሆኑን ያስረዳል። መጋቢ የተሾመው ቤቱን ሊጠብቅ እንጂ ሊሸጥ አይደለምና፣ ልማት በተባለ ጊዜ ሁሉ ማን እንደሚጠቀም ብቻ ሳይሆን፣ አፍ የሌለው ፍጥረት ምን እንደሚያጣም አስቀድመን እንመርምር።