ገመዱ ይቅደም፣ ዋይፋዩ ይከተል

ልጆቼ፣ ኢንተርኔት ለማስገባት ስታስቡ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ግቢያችሁን እዩት። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከጓሮ ሰርቪሱ፣ በመካከል ሙዝና እንሰት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ሚዛን ሆነ ቴፒ፣ የብዙዎቻችን ግቢ እንዲህ ነው። ይህን ሳታዩ ገበያ ወጥታችሁ አንቴናው የበዛ ራውተር ተሸክማችሁ ብትመለሱ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆንባችኋል።

ዋይፋይ ብርቱ ይምሰል እንጂ የሚፈራው ብዙ ነው። ቆርቆሮ ይመልሰዋል፤ ውሃ ያዘለ ቅጠል ይውጠዋል። በእኛ አገር ደግሞ ቅጠል መቼ ደርቆ ያውቃል? 5 ጊጋኸርዝ የሚሉት ፈጣኑ ሞገድ እዚያው ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነው፤ ግድግዳ ሲበዛበት ይዝላል። 2.4ቱ ዝግ ቢልም ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ እሱም ቢሆን ሙዙን አልፎ ሰርቪሱ ሲደርስ የተረፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጓሮ የተከራየውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሳሎን ራውተር አዳርሳለሁ አትበሉ። ገመድ አድርሱለትና እዚያው ዋይፋይ የሚረጭ አክሰስ ፖይንት ስቀሉለት።

መስመር ሲገባ የሚተከለው ሳጥን ብዙ ጊዜ አራት ሥራ ደርቦ ይዟል። መስመሩን ይቀበላል፣ ለየመሣሪያው አድራሻ ያድላል፣ ለገመድ ቀዳዳ ያከፋፍላል፣ ዋይፋይ ይረጫል። ለአንድ ሁለት ክፍል ይበቃል፤ በቃ ካለ ሌላ አትግዙ። ቤቱ ሲሰፋ ግን ሥራውን ለየብቻ ማድረግ ደግ ነው። ቡና ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ መፈልፈያው ተሰበረ ተብሎ የማድረቂያ አልጋው አይፈርስም። ገመድ የሚያከፋፍለው ስዊች ሲበላሽ ስዊቹን፣ ዋይፋዩ ሲያረጅ አክሰስ ፖይንቱን ብቻ ትቀይራላችሁ።

አሮጌ ራውተር ካላችሁ አትጣሉት፣ አክሰስ ፖይንት ይሆናል። ግን አድራሻ የሚያድል በአንድ ቤት አንድ ይሁን። ዲኤችሲፒ የሚባለውን በአሮጌው ላይ አጥፉት። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ አሮጌውን 192.168.1.2 በሉት፤ ይህ ቁጥር ዋናው ከሚያድላቸው ውስጥ አለመሆኑን ግን አስቀድማችሁ እዩ። ገመዱም ‘ዋን’ ከሚለው ሳይሆን ‘ላን’ ከሚለው ቀዳዳ ይሰካ። ይህን የዘለለ ሰው፣ ስልኩ ዋይፋይ ይዞ ኢንተርኔት ሲያጣበት፣ መስመሩን ሲረግም ይውላል።

ስለ ገመዱ ትንሽ ልቆይ። በምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው የስልክ ሽቦ 477 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የዛሬው ላን ኬብል ከአንዱ መሣሪያ እስከ ሌላው ከ100 ሜትር እንዲያልፍ አይመከርም፤ ለግቢያችን ግን ይተርፋል። ስትገዙ ከውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ በቢላ ፋቅ አድርጉት። ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ለሻጩ መልሱለት። ጫፉን ስታስሩ ተራው ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ ያው ነው።

ከሁሉ የምፈራላችሁ መብረቁን ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚሻገር መዳብ፣ መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ የሚነሣውን ኃይል ይዞ ገብቶ የሁለቱንም ጫፍ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ፋይበር መስታወት ነውና ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አቅም ያለው ከዋናው ቤት ሰርቪሱ ድረስ ፋይበር ይዘርጋና በየጫፉ ፋይበሩን ከላን ኬብል የሚያገናኝ ሚዲያ ኮንቨርተር ያድርግ። አቅም ያነሰው፣ ደመናው ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ገና በሩቁ ሳለ፣ ኬብሉንም የኤሌክትሪኩንም ሶኬት ይንቀል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሆናል። ነጎድጓዱ ራሳችሁ ላይ ከደረሰ ግን ተዉት፤ ራውተር ይተካል፣ እጃችሁን ወደ ገመዱ አትስደዱ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ‘አድሚን’ የሚል የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት ቀይሩት። ለተከራይና ለእንግዳ ለብቻው ስም ያለው የእንግዳ ዋይፋይ ክፈቱ፤ የቤታችሁ ኮምፒውተርና ካሜራ ከዚያ ጋር አይቀላቀል። በየኬብሉም ጫፍ ‘ሳሎን’፣ ‘ሰርቪስ’፣ ‘ሱቅ’ ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ነገ የሚጠግነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።