ያገለገለ ዕቃና የባለቤቱ አደራ

የሰው ልጅ በእጁ ከሚይዛቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከእርሱ በፊት የሌላ ሰው ነበሩ። ቤቱን ከአባቱ ይወርሳል፤ ማሳውን ከቀደሙት ይረከባል፤ መጽሐፉን ከወዳጁ ይዋሳል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ መያዝ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሥልጣኔ ራሱ ካንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ትውልድ የሚተላለፍ ያገለገለ ዕቃ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ጥያቄው የሚነሣው ከተረከብን በኋላ ነው። የተረከብነው ነገር የተጎዳ እንደ ሆነ ምን ያህል ልንጠግነው ይገባናል? ክፍሉን በየጊዜው ስንለውጥ ኖረን ከቀድሞው አንዳች ያልቀረለት በሆነ ጊዜስ፣ ያው የገዛነው ነው ወይስ ሌላ? ልናሻሽለው በተነሣን ጊዜ ማስቀደም የሚገባን የትኛውን ነው? ይህን ጉዳይ በጣና ሐይቅ ላይ ካለችው ከደቅ ደሴት ተነሥተን፣ በየከተማችን መንገድ እስከሚመላለሰው አሮጌ አውቶሞቢል ድረስ ልንመረምረው አስበናል።

ምናልባት አንባቢያችን፣ «ደቅና አውቶሞቢል ምን አገናኛቸው?» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ የሚወስደው ጎዳና ውኃ ነው። ነገር ግን የመጠገንን ነገር ለመመርመር ከዚህች ደሴት የተሻለ መነሻ የለም፤ ሁለት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ታሳየናለችና።

አንደኛው ታንኳው ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ከዚያም ሰውና እንጨት፣ እህልና ዓሣ ይጫንበታል። ከውኃው ሲመለስ ወደ ዳር ይሳባል፤ የጠጣውን ውኃ እንዲያንጠፈጥፍ ይተዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢደረግለትም ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጊዜ በኋላ ደንገሉ ውኃ ጠግቦ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ አያለቅስለትም፤ ሌላ ደንገል አጭዶ ሌላ ታንኳ ያስራል። ታንኳው ያልፋል፤ የሚቀረው የእጅ ጥበቡ ነው።

ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ በደቅ ይገኛል። በጣና ዙሪያ ካሉት ገዳማትና አድባራት ብዙዎቹ የሣር ክዳናቸው በቆርቆሮ ተለውጦላቸዋል፤ የበሰበሰው ወጋግራ ይለወጣል፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ይመረጋል። ሆኖም፣ «ይህ ደብር የቀድሞው አይደለም» የሚል ምእመን አይገኝም። ምክንያቱም በእኛ ሥርዓት ደብሩን ደብር የሚያሰኘው ታቦቱ ነውና፣ ሕንጻው ፈርሶ እንደ ገና ቢሠራ እንኳ ታቦቱ እስካለ ድረስ ደብሩ ያው ደብር ነው። እንግዲህ ሕዝባችን፣ «ሁሉ ነገሩ የተለወጠ ዕቃ ያው ነውን?» ለሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መልስ አለው ማለት ነው፤ ዕቃው ያው የሚሆነው ለተሠራለት ዓላማ እስከ ቆመ ድረስ ነው።

በዚሁ ጥያቄ የግሪክ ሊቃውንትም ብዙ ተከራክረውበታል። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚነግረን፣ አቴናውያን ጀግናው ቴሴዎስ የተመለሰባትን ባለ 30 መቅዘፊያ መርከብ ለመታሰቢያ አቆይተው ያረጀውን ሳንቃ እየነቀሉ በአዲስ ይተኩት ነበር። ፈላስፎቹም እኩሌቶቹ፣ «ያችው መርከብ ናት» ሲሉ፣ እኩሌቶቹ፣ «አይደለችም» ይሉ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው፤ የተነቀሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ በቀድሞው ሥርዓት ቢገጥማቸው፣ ከሁለቱ የቴሴዎስ መርከብ የትኛይቱ ናት? ሲል ጠየቀ።

ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይሂድ። በዚያ የተጋጩና ያረጁ መኪናዎች ብልታቸው ተፈታትቶ ይሸጣል። ካንዱ መኪና ካምቢዮው ለአንድ ሰው፣ በሩ ለሌላው፣ ራዲያተሩ ለሦስተኛው ይሄዳል። ሆብስ በሐሳቡ የፈጠረው ነገር በዚያ በየቀኑ ይፈጸማል።

መቼም አውቶሞቢል ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋራዦቻችን ቋንቋቸውን እንኳ ከውጭ ተውሰዋል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ፣ ባሌስትራ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። እነዚህም ያገለገሉ ዕቃዎች ናቸው፤ ግን በአማርኛችን ውስጥ ተገጥመው መልካም አድርገው ይሠራሉ። በቅርቡም ዘመን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታውቋል። የሁለቱም አሳብ የከተማውን አየርና የውጭ ምንዛሪውን ማዳን ሲሆን፣ ደመወዝተኛው ግን ቀድሞ የገባውን አሮጌ መኪና እየጠገነ እንዲኖር ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ የጥገና ነገር ለእኛ የመጽሐፍ ክርክር ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው።

ሕግ ለማንነት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ሲስማማ፣ መኪናው ያው መኪና ነው። ይህ መልስ ለመዝገብ ይበቃል፤ ለኅሊና ግን አይበቃም። የሻንሲ ቁጥሩ ሳይነካ ፍሬኑ የማይዝ መኪና፣ ለመዝገቡ ያው መኪና ቢሆንም፣ ለተሳፋሪው ግን መኪና አይደለም። ከደቅ አድባራት እንደ ተማርነው፣ ዕቃውን ያው የሚያሰኘው የተሠራለት ዓላማ ነውና፤ የመኪና ዓላማም መሄድ ብቻ ሳይሆን በሰላም መድረስ ነው። መቆም የማይችል ነገር ሄደ አይባልም፤ ወደቀ ይባላል እንጂ።

አሁን አንድ አስተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ዕቁብ ደርሶት፣ ከዘመድም ተበድሮ፣ ሁለት ሦስት እጅ ያለፈ መኪና ገዛ እንበል። ወደ ጋራዥ ይዞት በሄደ ጊዜ የሚጠገነው ነገር ብዙ ነው፤ የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ጎማው ተልጧል፣ ቀለሙም ደብዝዟል። በእጁ ያለው ገንዘብ ግን ለሁሉ አይበቃም። ባለጠጋ ቢሆን ኖሮ ሁሉን በአንድ ቀን ያስለውጥ ነበርና ለእርሱ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ በሆነ ነበር። ለደመወዝተኛው ግን የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የትኛው ለዚህ ወር፣ የትኛው ለሚመጣው ዓመት? ሰውም የሚመዘነው በዚህ ላይ ይመስለናል፤ አስቀድሞ የሚያሠራው ነገር ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ምን እንደ ሆነ ይገልጥበታልና።

ቀለሙ ይታያል፤ ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም ያየዋል፣ ያመሰግነዋል። የፍሬን ሸራ ግን በታምቡር ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ስለሆነ፣ አሠራኸው ብሎ የሚያመሰግን የለም። መካኒኩም እንዲህ ባለ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ለጊዜው ያስኬድዎታል» ይላል። ይህች «ለጊዜው» የምትባል ቃል ብዙ ነፍስ የጠፋባት ቃል ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ፍሬኑን በያዘ ቁጥር ሸራውና ታምቡሩ ይግላሉ። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ከአየር ርጥበት የሚስብ ነገር ነው፤ ርጥበት የገባበት ዘይት በቶሎ ይፈላል፣ እንፋሎትም ይሆናል፣ በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። በከተማ ውስጥ ስድስት ወር ያስኬደው «ለጊዜው» በገደሉ አፋፍ ላይ ያበቃል።

እዚህ ላይ ባለቤቱ፣ «መኪናው የእኔ፣ ገንዘቡም የእኔ፤ ከብረቱ ቀለሙን ባስቀድም ማን ያገባዋል?» ሊል ይችላል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ሰው በሰው ፊት ተከብሮ መታየትን መውደዱ በደል አይሆንም፤ ልብሱን አጥቦ እንደሚወጣ መኪናውን አስውቦ ቢወጣ ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን ቀለም ያልተቀባ መኪና የሚጎዳው የባለቤቱን ክብር ብቻ ሲሆን፣ ፍሬን የሌለው መኪና የሚጎዳው ስለ ጉዳዩ ምንም ያልተጠየቀውን መንገደኛ ነው። በዜብራ የምትሻገረው ተማሪ በግዢው ውል ላይ አልፈረመችም። ስለዚህ የራስን ነገር እንደ ወደዱ የማድረግ መብት የሌላው ሰው ሕይወት ከተጀመረበት ወዲያ አይዘልቅም።

ስለ ማሻሻልም እንዲሁ ነው። ጥገና የጎደለውን መመለስ ነው፤ ማሻሻል ግን ያልነበረውን መጨመር ነውና ከጥገና የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባም ከዚያ ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የተለመደው ሞተር ከኃይሉ ይቀንሳል፤ ባለ ካርቡራተሩም ቤንዚኑ ካልተመጠነለት ጥቁር ጭስ ያወጣል። አንዳንዱ ባለመኪና ይህን ድካም ባየ ጊዜ ቤንዚኑን በማስመጠን ፈንታ ትልቅ ሞተር ማስገጠም ያምረዋል። ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሞተሩን ያበረታ ሰው ፍሬኑንም፣ መሪውንም፣ ጎማውንም የማበርታት ዕዳ ገባ ማለት ነው። ከልኩ የበለጠ ጎማ ያስገጠመውም ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ይነግረዋል። የደንገል ታንኳ ላይ ከባድ ሞተር የጫነ ሰው ሞተር ጀልባ አላገኘም፤ ታንኳውንም ሞተሩንም ለጣና ሰጠ እንጂ። ማሻሻል ማለት ያንዱን ብልት ኃይል መጨመር ሳይሆን የብልቶችን ስምምነት መጠበቅ ነው። ይህም በመኪና ብቻ አያበቃም፤ ሥልጣን የተጨመረለትና ራሱን የመግታት ኃይል ያልተጨመረለት ሹም ከዚህ መኪና በምን ይለያል?

የመጨረሻው ጥያቄ የመሸጥ ነው። የገዛነውን ነገር አንድ ቀን ለሌላ እናስተላልፋለን። በዚህ ጊዜ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ኋላ የሚያስመልስ፣ የሞተሩን ድምፅ በወፍራም ዘይት የሚያፍን፣ ዝገቱን በቀለም የሚሸፍን ሰው አይጠፋም። «እኔም ስገዛ ተታልያለሁ፤ እርሱም ዓይኑን ይክፈት» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ገዢው ዕቃውን እንዲመረምር ቢያዝም፣ ሻጩ ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ጉድለቱን በተንኰል ከሸሸገም «በጉድለቱ አልጠየቅም» የሚለው የውል ቃል አያድነውም። ከሕጉም በላይ አንድ ነገር አለ። ቀደም ሲል፣ ዕቃውን ያው የሚያሰኘው ዓላማው ነው ብለናል፤ ዓላማው ካንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እንዲሻገር ግን የጥገናው ታሪክ በእውነት አብሮ መሻገር አለበት። ምን እንደ ተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ያልተነገረው ገዢ ቀጥሎ ምን መጠገን እንዳለበት አያውቅም። እውነቱን የሸሸገ ሻጭ የሸጠው መኪና ሳይሆን እንቆቅልሽ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። እያንዳንዱ ዕቃ የሚጠገንበት ዘመን እንዳለው ሁሉ የሚተውበትም ዘመን አለው። ሻንሲው በዝገት የተበላ መኪና ምንም ያህል ቢወደድ በመንገድ ላይ ሊወጣ አይገባውም፤ የዳነው ብልቱ ለሌላው ይተርፋል፣ ብረቱም ይቀልጣል። በዚህ የደቅ ታንከኛ አስተማሪያችን ሊሆን ይችላል። ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ በማድረቅ ዕድሜውን ያረዝመዋል፤ ደንገሉ እንደ በሰበሰ ሲያውቅ ግን፣ «ለጊዜው ያስኬደኛል» ብሎ ልጁን ጭኖበት ወደ ሐይቁ አይገባም። መጠገንም መተውም ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ ናቸው፤ ይኸውም ዕቃውን ባለበት ሁኔታ አጥርቶ ማየት ነው።

አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉም ይመክራሉ። ሁለቱንም ለጋራዥ ብቻ ብለው አልተናገሩዋቸውም። እኛ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያለን ሰዎች የያዝነው ወንበር፣ የምንጠብቀው መዝገብ፣ የምናስተምርበት ክፍል ሁሉ ካለፉት የተረከብነው ያገለገለ ዕቃ ነው። እንግዲህ ከሚታየው ይልቅ የሚይዘውን እናስቀድም፤ የጨመርነውን ኃይል በመግቻው እንመጥን፤ ስናስረክብም ጉድለቱን ሳንሸሽግ እናስረክብ። ከእኛ በኋላ መሪውን የሚይዘው ሰው ቀለሙን ላያደንቅልን ይችላል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ግን ፍሬኑ ይይዝለታል።